ላፕቶፑ ነው የዘገየው

ጥቅምት 8

ወንድምጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ወይስ ተቀይመኸኝ እንደሆነ ልጠይቅ? ጽሑፍህ ከወትሮው ጎርበጥ ብሎብኛል፤ የግራ እጅህ ነገር ይሁን የብስጭትህ መለየት አቃተኝ። እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ከማማረር በቀር ምንም አልሆነችም። እኔም ፀጉር ቤታችን ጥግ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ የሰው ሞባይል ስጠግን እውላለሁ። ናፍቆቴን ለመጨረሻው አቆየዋለሁ፤ መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅህ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። የፀጉር ቤታችንን የኳስ ጌም በፎጣ ጠቅልዬ፣ አሮጌውን ላፕቶፔን በትራስ ልብስ ከትቼ ወደ ሆስፒታልህ ለሚመላለሰው ሾፌር ሳስረክበው ሁሉን ያሟላሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር። ለምን ስዕል አልመጣም ብለህ የጠየቅከኝ መልሱ ይኸውልህ፤ ላፕቶፑ ጎን ላይ ያለው ቀዳዳ ስዕል ያወጣል እንጂ አያስገባም። ለቴሌቪዥን ይሰጣል፣ ከጌም ግን አይቀበልም። ኬብሉ ልክክ ብሎ ስለሚገባ ሰው ሁሉ የሚሠራ ይመስለዋል። አንተና የጎንህ አልጋ መምህር ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጣችሁ የዋላችሁት እናንተ ሳታውቁ ቀርታችሁ ሳይሆን እኔ ሳልሞክር ልኬ ነው። መምህሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለታቸውን ሳነብላት እማዬ ሳትቀር ሳቀች።

እማዬ አሁንም ነገሩ አልተዋጠላትም። «ጎኑ የደነዘዘ ሰው ይጸልያል እንጂ ኳስ ይጫወታል?» ትለኛለች። ስትሮክ የያዘው እጅ ካልሠራ እንደሚረሳ፣ የእጅ ሐኪምህም ጣትህን የሚያንቀሳቅስ ነገር ሁሉ መድኃኒት ነው እንዳለችህ ነገርኳት። ጌሙን ግን ታውቀዋለች። አግዳሚው ላይ ወረፋ የሚጠብቁት «ተሸናፊ ይነሳል» እያሉ ሲጯጯሁ፣ አንተ መቀስህን አስቀምጠህ በአንድ ግጥሚያ ሁሉንም አስነስተህ ወደ ደንበኛህ ስትመለስ ስንት ጊዜ አይታለች። «እሱን ከሆነስ ይጫወት» አለችኝ በመጨረሻ።

የአዳራሹ ቴሌቪዥን ጣሪያ ሥር በሽቦ ታጥሮ ማንም አይነካው ካልክ ከላፕቶፑ ሌላ መንገድ የለንም። አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጥ፤ ስዕሉን ከጌሙ ተቀብላ ለላፕቶፑ ታቀብለዋለች። እየፈለግኩልህ ነው፤ እንዳገኘኋት በሾፌሩ እልካታለሁ።

ስልኩን በተመለከተ እንዳልከው ይሁን። ቃል ሲጠፋህ መስማት ከብዶኝ እንዳይመስልህ እንጂ፣ አንተን ከከበደህ ደብዳቤ ይሻለናል። አንተም አትቸኩል፣ እኔም አልቸኩል።

ስለ ወንበርህ ለጠየቅከኝ፣ ወንበርህ አለ። ጨርቅ አልብሼዋለሁ። ምላጭህም መሳቢያህ ውስጥ እንደተኛ ነው። ባልደረባህ ቄንጦ በራሱ ወንበር እየሠራ ነው፤ «እግዜር ይማርህ፣ ዘወትር በጸሎቴ አስብሃለሁ» ብሎሃል።

ናፍቆቴን አቆየዋለሁ ብዬ ወረቀቱ አለቀብኝ። እሱን ደግሞ አንተ ሙላው።

እህትህ ሽቦ


ጥቅምት 21

ሽቦዬ፣

ሰላምታዬ እንደ ጽሑፌ ጠማማ እንዳይመስልሽ፤ እሱስ ቀጥ ያለ ነው። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ከሳጥኗ ጋር በላክሽው ወረቀት ትበላለህ ወይ ላልሽው እበላለሁ፤ ትተኛለህ ወይ ላልሽው አንዳንዴ። ምን ልላክልህ ላልሽው ምንም አትላኪ፣ ያለኝንም መያዝ አቅቶኛል።

ሳጥኗ ደረሰች። ከምሳ በኋላ ባለው እረፍት ሰካናት። መምህሩ ፈተና እንደሚያርሙ ሰው መነጽራቸውን አድርገው ላፕቶፑን ጉልበታቸው ላይ አደላደሉት፤ እግራቸው አልታዘዝ አለ እንጂ እጃቸው ደህና ነው። ስዕሉ መጣ! ያ አረንጓዴ ሜዳ ብቅ ሲል የክፍላችን ሰዎች አጨበጨቡ። አንሶላ ልታነሳ የገባችው ሴትዮ እንኳን እቅፏን እንደያዘች ቆመች። እኔም እውነቴን ነው የምልሽ፣ ለአንድ አፍታ ፀጉር ቤት የገባሁ መሰለኝ።

ከዚያ ተጫወትኩ።

ኮምፒውተሩን ከሁሉ ደካማ አድርጌ ነው የመረጥኩት፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። በግራ እጄ እየነዳሁ በረኛው ፊት ደረስኩ። አጠገቤ ማንም የለም። በቀኝ አውራ ጣቴ ተጫንኩ። ስክሪኑ ላይ ያለው ልጅ ቆሞ አየኝ። ኳሷን ቀምተውት ከሄዱ በኋላ ባዶ ሜዳ ረገጠ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ሰልሼ ሞከርኩ፣ ያው። በኋላ የሚስቅ ጠፋ።

ለምን በጌም ራስህን ትፈትናለህ ትይኝ ይሆናል። የእጅ ሐኪሜ ደግ ሴት ናት፤ ከሳህን ወደ ሳህን የሸሚዝ አዝራር ታስለቅመኛለች፣ ባነሳም «ጎበዝ»፣ ብጥልም «ጎበዝ» ነው። ሳህኑን ከነአዝራሩ የደፋውንም ሰውዬ «ጎበዝ» ብላዋለች። ጌም ግን አያባብልም። ደግሞም መቀስ የያዘ ሰው ያውቀዋል፤ አንዱ ስለት ዝም ብሎ ቆሞ ሌላውን የሚያንቀሳቅሰው አውራ ጣት ነው። ኳስ የሚያስመታውም ያው አውራ ጣት ነው። ስለዚህ ለራሴ ቃል ገባሁ። በቀኝ አውራ ጣቴ፣ በዚህ ሰዓት ልምታ ብዬ በዚያው ሰዓት የመታሁት አንድ ጎል ካገባሁ፣ ወንበሬ ላይ እመለሳለሁ። ካላገባሁ ግን ሰው አንገቱን አምኖ ሲሰጠኝ ምላጭ ይዤ አልቆምበትም። አንድ ጎል ነው የምልሽ። ድሮ ከደንበኛ ጋር እያወራሁ አገባ የነበረውን።

አሁን የሚመስለኝን ልንገርሽ፤ እጄ ሞቷል። ወንበሩን ቄንጦ ይውሰደው፣ ምላጩንም ስጪው። ለእማዬ ይሄን ክፍል አታንብቢላት።

ወንድምሽ


ጥቅምት 25

ወንድምጋሼ፣

ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀኝ ነውና ሰላምታውን ከታች ፈልገው።

አልሞተም! እጅህ አልሞተም፤ ላፕቶፑ ነው የዘገየው። በራሴ ተናድጃለሁ፤ አሁንም ሳልነግርህ የቀረሁት ነገር አለ። ያቺ ሳጥን ርካሽ ናት። ስዕሉን ከጌሙ ትቀበላለች፣ ታኝከዋለች፣ ከዚያ ነው ለላፕቶፑ የምትሰጠው። አንተ ስክሪኑ ላይ የምታየው ያለፈውን ነው። በረኛው ፊት ቆሜያለሁ ብለህ ስትጫን ጌሙ ውስጥ ኳሷ ከተቀማች ቆይቷል። መብረቁን አይተህ ነጎድጓዱን እስክትሰማ እንደምትጠብቀው ማለት ነው፤ እኩል ነው የተነሱት፣ አንዱ ግን መንገድ ላይ ይቆያል።

ካላመንከኝ በእጅህ ፈትነው። ተጫዋችህ ሲጠለፍ ጆይስቲኩ መዳፍህ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። እሱ በሳጥኗ አያልፍም፣ በቀጥታ ነው የሚመጣልህ። ልጁን ወደ ተከላካይ ንዳውና እስኪጠልፉት ጠብቅ። መጀመሪያ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ልጁ ስክሪኑ ላይ የሚወድቀው ከዚያ በኋላ ነው። በመሃል ያለችው ጊዜ የላፕቶፑ ናት። ያንተ አይደለችም።

ለቄንጦ ምንም አልነገርኩትም፤ አልነግረውምም። ምላጩን ማንም አይነካውም። አንተ፣ ሰው ከላፕቶፕ ጋር ተጣልቶ ከእንጀራው ይለያል?

አሁን ሰላምታው። እንዴት ነህ? እማዬ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል በይው» ብላለች። ያልከውን ክፍል አላነበብኩላትም፤ ግን ስዘል ድምፄ ተቀይሮ ነው መሰለኝ «ምኑን ነው የዘለልሽው?» ብላ አፋጠጠችኝ።

ሾፌሩ ጡሩምባ እያሰማ ነው።

ሽቦ


ኅዳር 6

ለእህቴ ለሽቦ፣

እንዳልሽው አደረግኩ። ልጁን ከተከላካይ ጋር አላተምኩት። እጄ ውስጥ ድርር አለ፣ ስክሪኑ ላይ ግን ልጁ ደህና እየሮጠ ነው! ከዚያ ወደቀ። መምህሩንም ጆይስቲኩን አስያዝኳቸው። «ልጁ መውደቁን ገና አልሰማም» አሉ። ሳቅ ጀመርኩ፣ ሳቁ አላቆም አለኝ፣ መጨረሻው ለቅሶ ሆነ። ትልቅ ሰው ፊት እንዲያ ማልቀሴ አሳፍሮኝ ነበር፤ እሳቸው ግን መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩ፣ እንዳላዩኝ ለመሆን።

ሽቦ፣ ምን እንደሰጠሽኝ አታውቂም። ያን ሰሞን ቁርስ ሲያመጡልኝ ማንኪያውን በግራዬ ነበር የማነሳው፣ ቀኙን ለማየትም እየጠላሁት። አሁን ቀኙን ነው የማስቀድመው። ይደፋብኛል፣ ይደፋ።

ጎሉ ገና ነው። ግን የሚዘገየው ማን እንደሆነ ካወቅኩ ጎሉ የትም አይሄድብኝም። ቀደም ብዬ ለመጫን እሞክራለሁ፣ ያኔ ደግሞ በጣም እቀድማለሁ። እንኳን እኔ የታመምኩት ጤነኛም ቢሆን ያለፈ ነገር እያየ ኳስ አይመታም። የማትዘገይ ሳጥን ካለች ፈልጊልኝ። በእሷ ነው የምንተያየው፣ እኔና ጎሉ።

ስለ ስሜቴ ለጠየቅሽኝ፣ ተስፋ ነው ያለኝ። ሌላ ስም አላገኘሁለትም። መምህሩ ጢማቸው አድጎ እንደ አውራ ፍየል ሆነዋል። በመጀመሪያ የምላጨው እርስዎን ነው ስላቸው «ኑዛዜዬን ልጻፍ?» አሉኝ።

አሁን ወደ ቤታችን ነገር። ወንበሬን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርጊልኝ፣ ስመለስ ብርሃን ያስፈልገኛል። ያለበስሽው ጨርቅ ምን ዓይነት ነው? ወፍራም ከሆነ ቆዳውን ያልበዋል። ቄንጦስ ምን ሆኖ ነው አንዲት መስመር በራሱ እጅ የማይጽፍልኝ? እግዜር ይማርህ ይለኛል በአንቺ አፍ፤ ይሄ ሰውዬ መቼ ነው እንዲህ የጨመተው?

እማዬን እንቁላሉ መራመድ ጀምሯል በያት።

ወንድምሽ


ኅዳር 19

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ እማዬም በጣም ደህና ናት፤ ጎረቤቱም፣ ደንበኞችህም ሁሉ ደህና ናቸው። ሁሉም ሰላም በይልን ብለዋል። አየሩም ደህና ነው። እስካሁን ሳልጽፍልህ በመቆየቴ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

አዲሷን ሳጥን ይኸው ልኬልሃለሁ። ውድ ናት ብለህ አትጨነቅ፤ ስልኩን የጠገንኩለት ሰውዬ ነው የሰጠኝ። ግን አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። ይቺኛዋም ትዘገያለች። እንደ መጀመሪያዋ ባይሆንም ትዘገያለች፤ ሰውዬውም ነግሮኛል። እኔ አልሞከርኳትም። ስለዚህ ጎሉ ቶሎ ባይገባ እንዳትደነግጥ። ላፕቶፑም ራሱ አሮጌ ነው፣ እሱም የራሱን ይጨምራል። እዚያ ባለው ዕቃ እጅህን መለካት አይቻልም። አይቻልም በቃ። ቤት ስትመጣ በቴሌቪዥን እናየዋለን።

ጎል ጎል አትበል እባክህ። አዝራሩን ልቀም፣ ማንኪያውን ያዝ።

ቄንጦ ሥራ ስለበዛበት ነው ያልጻፈልህ። እግዜር ይጨመርበት ብሎሃል። ወንበሩን ወደ መስኮቱ ስለማስጠጋት ያልከውን ሰምቻለሁ፤ ይደረጋል።

እማዬ ደብዳቤህን ካነበብኩላት ጀምሮ ለሰው ሁሉ «ልጄ ሊመለስ ነው» ትላለች። አሁንማ መንገድ ላይ እያስቆሙ ይጠይቁኛል።

በል ደህና ሁንልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 11

ሽቦዬ፣

ለምን ዝም አልክ ብለሽ ሁለት ጊዜ ጻፍሽልኝ፤ ሁለተኛው ላይማ ሰላምታም የለበት። አልተቀየምኩሽም። ደህና ነኝ። ዝም ያልኩት የምጽፈው አንድ ነገር ብቻ ስለነበረና እሱን ልጽፍ በተነሳሁ ቁጥር እማዬ አጠገብሽ ቁጭ ብላ ስትሰማ ስለምትታየኝ ነው። ይሄኛውን ለብቻሽ አንብቢው።

ሳጥኗን በደረሰችበት ቀን ሰካናት። ስዕሉ የታጠበ መስታወት ይመስላል። መጀመሪያ ያደረግኩት አንቺ ያስተማርሽኝን ነው፤ ልጁን ወስጄ ከተከላካይ ጋር አላተምኩት። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ልጁም ወደቀ። አንድ ላይ። ደገምኩት፣ አንድ ላይ። መብረቁና ነጎድጓዱ እኩል አናቴ ላይ ወረዱ።

ደስ አለኝ፣ አልደብቅሽም። በቃ ዛሬ ነው አልኩ። በረኛው ፊት ደረስኩ፣ ተጫንኩ፣ ኳሷን ቀሙኝ። ደግሜ ደረስኩ፣ ቀሙኝ። እስከዚያ ቀን አይኔ ስክሪኑ ላይ ነበር፤ ጣቴን አይቼው አላውቅም። ያን ቀን ስክሪኑን ትቼ ጣቴን አየሁት። ምታ እለዋለሁ። እሱ ግን መንገድ ላይ የተጠራ ሰው «እኔን ነው?» ብሎ ዞር እንደሚለው ያመነታል። ከዚያ ነው የሚወርደው። ሲወርድ ደግሞ በሙሉ ልቡ ነው፣ ምስኪን።

መምህሩ «እስቲ እኔ ልሞክር፣ ዕቃው ይሆናል» አሉ። በረኛውን ከዳኛ የማይለዩ ሰው ናቸው። ጆይስቲኩን ገልብጠው ነው የያዙት፣ እኔ አቃናሁላቸው። ጥቂት ተንገዳገዱና ተጫኑ። ገባ። «ጎል ነው እንዴ ይሄ?» አሉኝ። አዎ ጎል ነው አልኳቸው። እንደ መደንገጥ ብለው ጆይስቲኩን አልጋዬ ላይ አስቀመጡት፣ ከዚያ በኋላ ነክተውት አያውቁም።

ከዚያ ወዲያ ጥቂት ጊዜ ሞከርኩ። አሁን ትቼዋለሁ።

የእጅ ሐኪሜንም ጠየቅኳት። ማንኪያ ይይዛል፣ ሸሚዝ ይቆልፋል፣ ብትለማመድበት ይጽፋል አለችኝ። ምላጭስ ስላት አዝራሮቹን አንድ በአንድ ወደ ሳህኑ መለሰቻቸው። «ጎበዝ» ሳትለኝ የሄደችው ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ይቺኛዋም ትዘገያለች ብለሽ ስትጽፊልኝ፣ መዘግየቷን የምለይበትን መንገድ ያስተማርሽኝ ራስሽ መሆንሽን ረሳሽው። መዋሸት ያልለመደ ሰው ሲዋሽ እንዲህ ነው። አልሞከርኳትም ያልሽውም አልሆነልሽም፤ አንዴ ሳትሞክሪ ልከሽ ስንት ይቅርታ የጻፍሽ ልጅ ሁለተኛ ሳትሞክሪ ልትልኪ? ጠረጴዛሽ ላይ በሌላ ላፕቶፕ ሰክተሽ አይተሻታል። እንደማትዘገይም አውቀሻል። እኔ ምን እንደማገኝም ከእኔ ቀድመሽ አውቀሻል፤ የጥቅምቱን ደብዳቤዬን አንብበሽ «እጄ ሞቷል» ያልኩትን በልብሽ አምነሽበት ነበር መሰለኝ። አየሩም ደህና ነው ብለሽ ጽፈሽልኝ ታውቂያለሽ ወይ ከዚያ በፊት?

ጨርቁም እንደዚያው ነው። አንቺ የጨርቅ ቀለም ሳትናገሪ የምታልፊ ሰው አይደለሽም፤ ስለ መጋረጃ ሙሉ ገጽ የምትጽፊ ልጅ፣ ምን ዓይነት ጨርቅ ነው ስልሽ ዝም። ቄንጦም ጸሎት የሚባል ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ወንበሬ ላይ እየሠራ እንደሆነ ገብቶኛል፤ የእሱ ወንበር ጨለማ ላይ ነው፣ ከፍ ዝቅም አይልም፣ እኔም ብሆን ወደ ተሻለው እዛወር ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖብን ነው እንጂ ሁለታችንም ከጥቅምት ጀምሮ ስናውቀው ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኛው ቶሎ ጠራ።

አልከፋኝም ብልሽ አሁን ደግሞ እኔ ዋሸሁ ማለት ነው። ከፍቶኛል። ጠዋት ስነቃ እጄ ስሙ የጠፋኝ ዘመድ ይመስል አጠገቤ ተጋድሞ አገኘዋለሁ። ሌላ ሥራ ልመድ ትይኛለሽ፣ እለምድ ይሆናል፤ ዛሬ ግን ስለሱ አታውሪኝ። ሰው ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ ትከሻው እንዴት እንደሚረግብ አውቃለሁ። ያንን ነው ያጣሁት። ሌላውን ሁሉ ከቁብ አልቆጥረውም።

ምላጩን ለቄንጦ ስጪው። ወንበሩንም የራሱ መሆኑን ንገሪው፣ እንደ ሌባ እየተሳቀቀ አይሥራበት። እሱም አንድ መስመር በራሱ አፍ ይጻፍልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም። እማዬን እኔ ራሴ ስመጣ እነግራታለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንሽ። ጥር ላይ ያስወጡኛል። ስመጣ በር ላይ ካለው አግዳሚ ላይ እቀመጣለሁ፣ ወረፋ ከሚጠብቁት ጋር እጫወታለሁ። መሸነፌ አይቀርም። «ተሸናፊ ይነሳል» ሲሉኝም እነሳለሁ። አንቺ ግን ይዤው የምመጣውን ላፕቶፕ ዘርጊና ጌሙን በእሱ ላይ ክፈቺልን፤ ቴሌቪዥኑ ይቅር። ሰዎቹ ምን ሆነሃል ብለው ሲያዩኝ፣ ከጠረጴዛሽ ቀና ሳትይ፣ ላፕቶፑ ነው የዘገየው በያቸው። እኔም እንዳልሰማሁ እሆናለሁ።

ከዚህ ሌላ ውሸት አልፈልግም። ይቺ ግን ትቅርልኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 16

ወንድምጋሼ፣

ሰላምታ ልጽፍ ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴም ሰረዝኩት። እንዴት ነህ ብዬ የምጠይቅበት አፍ አጣሁ፤ እንዴት እንደሆንክ ነግረኸኛልና። ብቻ አለሁልህ።

ጨርቅ የሚባል ነገር አልነበረም። አንተ በሄድክ በሳምንቱ የቄንጦ ወንበር እግሩ ተሰበረ፣ ያንተ ላይ ተቀመጥ ያልኩትም እኔ ነኝ። ደብዳቤህን ለብቻዬ ነው ያነበብኩት፣ በመጋረጃው ጀርባ። ለእማዬ አላነበብኩላትም። እሷም አንብቢልኝ አላለችኝም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ዓይኔን አየችና ማታ ጉልበቷን ስታሽ ቆይታ «ቢሆንም ይምጣልኝ» አለች።

ምላጩን ለቄንጦ ሰጠሁት። ተቀብሎ ደንበኛውን ሳሙናው ፊቱ ላይ እንዳለ ጥሎት ወጣ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር፣ አቧራ ነው አለኝ። በራሱ አፍ የጻፈልህ ከታች ያለው ነው፤ እንዳታስተካክዪው ብሎኛል፦ «አንተ ሰውዬ ናልን በቃ! ያንተ ወንበር ወገብ ይቆርጣል፣ እንዴት ነበር የምትቆምበት?»

አሮጌውን ላፕቶፔን ይዘህልኝ ና። የመጀመሪያዋን ሳጥንም እንዳትጥላት፤ ዘገምተኛዋን ማለቴ ነው። እሷን ነው የምንሰካው።

ትናንት ያ ወፍራሙ ደንበኛህ መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ በአንተ መሸነፉን ሁሌ የሚያነሳው። «ባለወንበሩ እንዴት ሆነ? ሆስፒታልም ጌም ይጫወታል ሲሉ ሰማሁ፤ እዚያም ሁሉን ያስነሳል ወይ?» አለኝ። የሰው ስልክ ከፍቼ ብየዳ ላይ ነበርኩ። ቀና አላልኩም።

«እየተሸነፈ ነው» አልኩት። «ላፕቶፑ ነው የዘገየው።»

ቄንጦ መቀሱን አቁሞ በመስታወቱ አየኝ። ከዚያ «አዎ፣ ላፕቶፕ እንደዛ ነው» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሽቦ